ልጃችሁ ቤዝቦል ሊጀምር ነው? የመከላከያ ዕቃ አመራረጥና አለባበስ ከራስ እስከ እግር

እኛ ኳስ ስንል እግር ኳስ ማለታችን ነው። አሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን ግን አንዳንዴ ሌላ ኳስ ይዘው ቤት ይገባሉ። ጓደኛቸው ሊትል ሊግ (የልጆች የቤዝቦል ሊግ) ተመዝግቧል፣ እነሱም አማራቸው። ወላጅ ክፍያውን ይከፍላል። ከዚያ አንድ ኢሜይል ይመጣል፦ ሄልሜት፣ ግላቭ (ኳስ መያዣ ጓንት)፣ ካፕ (ኮፍያ ሳይሆን የብልት መከላከያ)፣ ክሊት (ታኬታ ጫማ)፣ ማውዝጋርድ (የጥርስ መከላከያ)። የትኛው የግድ ነው? የትኛው ይቆይ? የቱ ነው ሱቁ ለራሱ ገበያ ብሎ የሚገፋው?

ይህ መመሪያ ለእንደዚህ ያለ ወላጅ ነው። በተለይ ቤዝቦል ተጫውቶ ለማያውቅና ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ "አሁን ምን ተፈጠረ?" እያለ ለሚጠይቅ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የደንብ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ሊትል ሊግን ይዤ ነው የምናገረው፤ የእናንተ ሊግ ሌላ ከሆነ ኮቹን (አሠልጣኙን) ጠይቁ።

ኳሷን አትናቋት

በቴሌቪዥን ስትታይ ለስላሳ ትመስላለች። መሃሏ ቡሽና ጎማ ነው። በላዩ የሱፍ ክር ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፣ ከዚያ ቆዳ ይሰፋበታል። ክብደቷ ከ142 እስከ 149 ግራም ነው። በእጃችሁ ስትይዟት ከድንጋይ ብዙም አትለይም።

ፍጥነቷን እናስላው። በልጆች ሜዳ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ከሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ሰሌዳ) 46 ጫማ ርቆ ይቆማል፤ 14 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢወረውር፣ ኳሷ በ0.6 ሰከንድ ገደማ ትደርሳለች። በዚህች ቅጽበት ባተሩ (መቺው) ኳሷን ማየት አለበት፣ ልምታ ወይስ ልተው ብሎ መወሰን አለበት፣ ወደ ፊቱ ከመጣች ደግሞ ማምለጥ አለበት። ተመትታ ወደ ፒቸሩ የምትመለስ ኳስ ከዚህም ልትፈጥን ትችላለች።

ትልልቆቹም አላመለጡም። ኦገስት 16 ቀን 1920 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን የያንኪሱ ካርል ሜይስ በወረወራት ኳስ ጭንቅላቱን ተመታ። በማግስቱ ሞተ። በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) ጨዋታ በተወረወረ ኳስ ተመትቶ የሞተ ተጫዋች እሱ ብቻ ነው። ያኔ ባተሮች በጨርቅ ኮፍያ ነበር የሚጫወቱት። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ሜጀር ሊግ ሄልሜትን ግዴታ ያደረገው በ1971 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት!

በ1967 ደግሞ የቦስተኑ ቶኒ ኮኒግሊያሮ ሄልሜት አድርጎ ነበር። ሄልሜቱ ግን ጆሮና ጉንጭ አይሸፍንም። ኳሷ ግራ ጉንጩን ሰበረችው፣ ዓይኑንም ጎዳችው፤ የ1968ን የውድድር ዘመን ሙሉውን ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። የጆሮ መሸፈኛ ለአዲስ ገቢ ተጫዋቾች ግዴታ የሆነው በ1983 ነው።

ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። በዚህ ጨዋታ እንጀራ የሚበሉት ሰዎች ራሳቸው መከላከያ ለመልበስ ይህን ያህል ከዘገዩ፣ ልጃችሁ "ማንም አያደርገውም" ቢላችሁ አይግረማችሁ። መልሳችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ

ለኮቹ አጭር መልእክት ጻፉ። ሊጉ ምን ይሰጣል? ልጄ በየትኛው ዲቪዥን (የዕድሜ ምድብ) ነው የሚጫወተው? የምትጫወቱበት ኳስ ጠንካራው ነው ወይስ ለትንንሽ ልጆች የሚሠራው ለስላሳው? የመጨረሻው ጥያቄ ዋጋ አለው። ለጀማሪ ልጆች መሃሉ የለሰለሰ ኳስ አለ። ልጃችሁ 6 ወይም 7 ዓመቱ ከሆነና ቡድኑ በጠንካራ ኳስ የሚለማመድ ከሆነ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ብዙ ጊዜ የካቸር (ከባተሩ ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘው ልጅ) ዕቃ የሚገዛው ቡድኑ ነው። የጋራ ሄልሜቶችም ዳጋውት (ተጫዋቾች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ) ውስጥ ይቀመጣሉ። ግላቭ፣ ካፕ፣ ማውዝጋርድና ጫማ ግን የግል ናቸው።

ገንዘብ ከጠበበ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ልክ የሆነ የራሱ ሄልሜት። ቀጥሎ ካፕ። ከዚያ ማውዝጋርድ። ግላቭ ያለ እሱ መጫወት ስለማይቻል ይገዛል፤ ያገለገለ ቢሆን ግን ምንም አይደለም። ዱላውን (ባቱን) ከቡድኑ ተውሶ መምታት ይቻላል። ብዙ ወላጅ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ውድ ባት ይገዛል፣ ሄልሜቱን ከዳጋውት ያነሳል። ብዙ ሊጎች የመመዝገቢያ ክፍያ ቅናሽና የሚዋሱት ዕቃ አላቸው። ለመጠየቅ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

2. ሄልሜት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ ምልክቱን ፈልጉ። ከውጭ በኩል፣ ብዙ ጊዜ ከኋላው፣ ኤን፣ ኦ፣ ሲ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ኢ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉበት ጽሑፍ መታተም አለበት። በአሜሪካ የስፖርት መከላከያ ዕቃዎችን ደረጃ የሚያወጣው ድርጅት ምልክት ነው፤ ሰዎች "ኖክሲ" ይሉታል። ይህ የሌለው ሄልሜት ለቤዝቦል አይሆንም። የብስክሌት ሄልሜትም አይተካውም፤ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ግጭት ነው።

ቀጥሎ ልኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከቅንድብ ከፍ ብሎ፣ የጭንቅላቱ ሰፊ ቦታ ላይ ዙሪያውን ለኩ። ሄልሜቱ ላይ ከተጻፈው መጠን ጋር አስተያዩት። በሁለት መጠኖች መካከል ከወደቀ ሁለቱንም አስሞክሩት። "ያድግበታል" ብሎ ሰፊ መግዛት ለጃኬት ይሠራል፣ ለሄልሜት አይሠራም።

አሁን ያጥልቀው። የፊተኛው ጠርዝ ከቅንድቡ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ቀጥ ይበል፤ ወደ ኋላ ተንጋዶ ግንባር ማሳየት የለበትም። ጆሮው በቀዳዳው መሃል ይታይ። ከዚያ "አይሆንም" እንደሚል ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያወዛውዝ። ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፊ ነው። አጎንብሶ ጫማውን ይንካ። በመጨረሻ ሱቁ ውስጥ ትንሽ ይሩጥ። ሻጩ ቢያይ ይይ። ከቤዝ ወደ ቤዝ (ሯጩ ከሚረግጣቸው የሜዳ ነጥቦች ከአንዱ ወደ ሌላው) ሲሮጥ የሚወድቅ ሄልሜት ከሁለተኛ ቤዝ የሚወረወርን ኳስ አይመክትም። የአገጭ ማሰሪያ ካለው ይታሰር፤ ተንጠልጥሎ ጌጥ አይሁን።

ስለ ፀጉር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ማንም አይነግራችሁም። ልጅቷ ሹሩባ የምትሠራ ከሆነ በሹሩባዋ ትለካ። ልጁ አፍሮ ካሳደገ በአፍሮው ይለካ። በጨዋታ ቀን በሚኖረው ፀጉር ማለቴ ነው። ቅዳሜ በሹሩባ የተለካ ሄልሜት ፀጉሩ በተፈታ ሳምንት ይጠብባል ወይም ይላላል። ወፍራም የፀጉር መያዣና ኮፍያ ከሄልሜቱ ሥር አይግባ። ሒጃብ ለምታደርግ ልጅ ስሱ የስፖርት ሒጃብ ተጠልቆ ይለካ፤ ስፒል አይኑርበት።

ፊትስ? ተራው ሄልሜት ጆሮና ጭንቅላት ይሸፍናል፤ አፍና ጉንጭ ሜዳ ላይ ናቸው። ለትንንሽ ልጆች እኔ ፊት የሚሸፍን የብረት ፍርግርግ ያለውን እመርጣለሁ። ትልልቆቹ አይወዱትም፤ ለእነሱ ወደ ፒቸሩ የሚዞረውን ጉንጭ ብቻ የሚሸፍን ቁራጭ አለ፣ ሲ-ፍላፕ ይሉታል። በ2014 የማያሚው ጂያንካርሎ ስታንተን በኳስ ፊቱን ተመትቶ አጥንቱና ጥርሱ ከተጎዳ በኋላ ፊት የሚከልል ሄልሜት አድርጎ ተመለሰ። በሜጀር ሊግ ዛሬ ጉንጩን ያልሸፈነውን ከመቁጠር የሸፈነውን መቁጠር ያደክማል። ታዲያ ሲ-ፍላፑን ለብቻ ገዝታችሁ በቤት መሰርሰሪያ አትምቱት። ያልታሰበበት ቀዳዳ ሄልሜቱን ያደክማል፣ ደረጃውንም ያሳጣዋል። ወይ አብሮት የመጣውን ግዙ፣ ወይ አምራቹ ለዚያው ሞዴል የሠራውን።

ስቲከርና ቀለምም እንደዚሁ ነው። ልጆች ባንዲራ፣ ቁጥር፣ ስም መለጠፍ ይወዳሉ። ማጣበቂያውና ቀለሙ ፕላስቲኩን ሊያዳክም ስለሚችል አምራቹ ካልፈቀደ በሊትል ሊግ ክልክል ነው።

ኦገስት 2022 ቴክሳስ ውስጥ በተደረገ የሊትል ሊግ ጨዋታ፣ የኦክላሆማውን ባተር ኳስ ጭንቅላቱን መታችው። ወደቀ። ኳሷ ያረፈችው ሄልሜቱ ላይ ነበር። ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሄደ። የወረወረው ልጅ ግን ደንግጦ አለቀሰ። የተመታው ልጅ ሄልሜቱን አውልቆ ሄዶ አቀፈው፣ ደህና ነኝ አለው። ብዙ ሰው ቪዲዮውን ያየው ለእቅፉ ብሎ ነው። እናንተ ሄልሜቱን እዩ።

3. ካፕ

ስለዚህ ዕቃ ብዙ አይወራም። በእኛ ቤት ደግሞ ጭራሽ። እናት ልጇን ይዛ ሱቅ ስትገባ ታፍራለች፣ ልጁም መሬት መሬት ያያል። ስለዚህ በቀጥታ ልንገራችሁ፦ ካፕ የወንድ ልጅን ብልት ከኳስ የሚከላከል ጠንካራ ቅርፊት ነው። ለካቸር በሊትል ሊግ ግዴታ ነው። ለፒቸርና ለውስጠኛው ሜዳ (በቤዞቹ አካባቢ ለሚቆሙት) ተጫዋቾችም እኔ የግድ እለዋለሁ። መሬት ነጥራ አቅጣጫ የምትቀይር ኳስ የምትሄድበት አይታወቅም።

ተራ የውስጥ ሱሪ ውስጥ አይቀመጥም፣ ይንሸራተታል። ከፊት ኪስ ያለው ጠበቅ ያለ ቁምጣ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜም አብረው ነው የሚሸጡት። ሰፊው ጎን ወደ ላይ፣ ጠባቡ ወደ ታች። ከገላ ጋር ተጣብቆ መቀመጥ አለበት፤ ክፍተት ካለ ምቱ ካፑን ራሱን ወደ ገላ ይገፋዋል። ልጁ ቤት ውስጥ ለብሶት ቁጢጥ ይበል፣ ይሩጥ፣ ሶፋ ላይ ይቀመጥ። የሚቆረቁረው ከሆነ ሜዳ ላይ አውልቆ ቦርሳ ውስጥ ይደብቀዋል። ልኩ የሆነ ቁጥር ቀይሩለት።

ካፕ ኖረም አልኖረ፣ ከተመታ በኋላ ሕመሙ ካልበረደ፣ ካበጠ ወይም ካስመለሰው "ያልፋል" አትበሉ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እንዲህ ያለ ጉዳት በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ቋሚ ሊሆን ይችላል። ልጆች በሃፍረት ዝም ስለሚሉ ቀድማችሁ "ከተመታህ ንገረኝ" በሉት።

ሴት ልጆችም በሊትል ሊግ ከ1974 ጀምሮ ቤዝቦል ይጫወታሉ። ለእነሱም ለዳሌና ለደረት የሚሆን የራሳቸው መከላከያ አለ።

4. ጥርስና ዓይን

ማውዝጋርድ ርካሽ ነው፣ ጥርስ ማስተከል ውድ ነው። በፈላ ውሃ ለስልሶ፣ ተነክሶ ቅርጽ የሚይዘው ዓይነት ለጀማሪ ይበቃል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃና ሰከንድ አክብሩ፤ ብዙ ከቆየ ይቀልጣል። ከውሃው ሲወጣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ልጁ ይንከሰው፣ በከንፈሩ በኩል በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ያለው ልጅ ለብሬስ የተሠራውን ይግዛ፤ ተራው ሽቦውን ይይዛል።

ቋሚ ጥርስ ተነቅሎ ከወጣ ከላይኛው ነጭ ክፍሉ ያዙት፣ ሥሩን አትንኩ። ቆሽሾ ከሆነ በውሃ ለአፍታ ብቻ አለቅልቁት፣ አትፈትጉት። ከቻላችሁ ወደ ቦታው መልሱት፤ ካልሆነ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ። ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

መነጽር የሚያደርግ ልጅ በተራ መነጽሩ አይጫወት። ፖሊካርቦኔት ሌንስ ያለው የስፖርት መነጽር ይሠራለት። የዓይን ሐኪሙን "ለቤዝቦል ነው" ብላችሁ ንገሩት። በተለይ አንድ ዓይኑ ብቻ በደንብ የሚያይ ልጅ ያለዚህ ሜዳ መግባት የለበትም።

5. ደረት

አልፎ አልፎ የሚከሰት፣ ሲከሰት ግን የሚገድል ነገር አለ፦ ኮሞሺዮ ኮርዲስ። ኳስ በልብ ትክክል ደረት ላይ ሲያርፍ፣ በልብ ምት መካከል ባለች በጣም አጭር ቅጽበት ከሆነ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ያዛባል። ልብ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ደም አትረጭም። ልጁ ይወድቃል። የተሰበረ አጥንት ላይኖር ይችላል። የልጆች ደረት ገና ስላልጠነከረ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ እነሱ ናቸው። በ2023 መጀመሪያ የቡፋሎው ዴማር ሃምሊን በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ በድንገት ሲወድቅ ያየ ሰው ነገሩን ያስታውሰዋል። እሱን ያተረፈው እዚያው ሜዳ ላይ የተጀመረው ርዳታ ነው።

ደረትን የሚከላከል ሸሚዝና ጋሻ ይሸጣል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ስፖንጅ ያለበት ሁሉ ለዚህ አይረዳም። ይህን አደጋ ለመቀነስ የተፈተነው ኤን-ዲ-200 የሚል የኖክሲ ደረጃ ምልክት አለበት። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ሃይስኩል ቤዝቦል የካቸር የደረት መከላከያ ይህን ደረጃ ማሟላት አለበት። "የልብ መከላከያ" የሚል ማስታወቂያ ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ፤ ምልክቱን ፈልጉ።

ከሸሚዙ በላይ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ሜዳችሁ አጠገብ ኤ.ኢ.ዲ. የሚባለው ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ የት አለ? ቁልፉ ማን ጋ ነው? በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ጠይቁ። ደረቱን ተመትቶ የወደቀና የማይመልስ ልጅ ካለ፣ አንዱ ናይን ዋን ዋን ይደውል፣ አንዱ ደረቱን በኃይልና በፍጥነት መጫን ይጀምር፣ አንዱ መሣሪያውን ያምጣ። መሣሪያው ሲከፈት ራሱ እየተናገረ ያስተምራል። "ንፋስ ይግባው" እያሉ መክበብ ጊዜ መግደል ነው።

ተወርዋሪ ኳስ ሲመጣ ልጁ ደረቱን ገልጦ መቆምም የለበትም። ኮቹ ፊትንና ደረትን ከኳሷ አዙሮ፣ ጀርባን መስጠትን ያስተምረው። ይህን በለስላሳ ኳስ ጓሮ ውስጥም ማለማመድ ትችላላችሁ።

6. ልጃችሁ ካቸር ከሆነ

ካቸር ከባተሩ ጀርባ ቁጢጥ የሚለው ልጅ ነው። የተወረወረ ኳስ፣ ባት ጫፉን ነክቶት አቅጣጫ የቀየረ ኳስ፣ የሚወዛወዝ ዱላ፣ ተንሸራቶ የሚመጣ ሯጭ፤ ሁሉም እሱ ጋ ነው። በ1907 የኒው ዮርኩ ሮጀር ብሬስናሃን የቅልጥም መከላከያ አድርጎ ሜዳ ሲገባ ተሳለቁበት። ዛሬ ያለ እሱ የሚጫወት ካቸር የለም።

አለባበሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ካፕ። ከዚያ የቅልጥም መከላከያ፤ ማያያዣዎቹ ወደ ውጭ ይሁኑ፣ ወደ ውስጥ ከሆኑ እርስ በርስ እየተያያዙ ልጁን ይጥሉታል። ጉልበቱ ሲታጠፍ ሎሚው በመሃለኛው ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቀጥሎ የደረቱ። ልጁ ቁጢጥ ብሎ አስሞክሩት፤ የአንገት አጥንቱን የሚሸፍን፣ ግን ጉሮሮውን የማይገፋ ይሁን። የጀርባ ማሰሪያዎቹን ካላጠበቃችሁ በሮጠ ቁጥር ወደ ጎን ይዞራል። በመጨረሻ ሄልሜትና ማስክ።

ከማስኩ ሥር የሚንጠለጠል የጉሮሮ መከላከያ አለ። በ1976 የዶጀርስ ካቸር ስቲቭ ዬገር ተራውን ቆሞ እየጠበቀ ሳለ የጓደኛው ባት ተሰብሮ ስንጥሩ አንገቱ ውስጥ ገባ። ዳነ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ትሬነር ቢል ቡለር ይህን ተንጠልጣይ ሠራለት። በሊትል ሊግ ግዴታ ነው። የሆኪ ዓይነት ማስክ አገጭን ስለሚሸፍን ብዙ ወላጅ ተንጠልጣዩ አያስፈልግም ይላል፤ ደንቡ ግን እሱም ላይ ይንጠልጠል ነው የሚለው።

ባዶ እጁስ? ዱላው ሲወዛወዝ የተዘረጋ ጣት ይሰበራል። ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ ከጀርባው ይደብቀው። ሯጭ ካለ ጨብጦ ከግላቩ ኋላ ያስቀምጠው።

ፒቸርን የሚያሟሙቅ ልጅም ማስክና ሄልሜት ያደርጋል። "ሁለት ኳስ ብቻ ነው" የሚለው ሰበብ እዚህ ጋ ይበዛል።

7. እጅና እግር

ግላቭ በማይወረውርበት እጅ ነው የሚጠለቀው። ቀኝ እጁ የሚወረውር ግራው ላይ ያጠልቃል። ለትንሽ ልጅ የአዋቂ ግላቭ አትስጡ፤ መዝጋት ስለማይችል ኳሷ ነጥራ ፊቱን ታገኘዋለች። ከ8 ዓመት በታች ከሆነ ከ10 እስከ 11 ኢንች ያለው ይበቃል። አዲሱ ደርቆ ካልታጠፈ ኳስ እያስገቡ ማለስለስ ነው። የባቲንግ ጓንት ለመጨበጥ ይረዳል፤ ከኳስ ግን እምብዛም አያድንም። ልጁ ካልለመነ ይቅር።

ጫማ ላይ ገንዘብ ቆጥቡ። የእግር ኳስ ታኬታ ካለው ለመጀመሪያው ዓመት ይሆነዋል። የብረት ጥርስ ያለው ጫማ እስከ 12 ዓመት ባሉት የሊትል ሊግ ዲቪዥኖች አይፈቀድም። ሜዳው ላይ ያሉት ቤዞች ሲገፉ ከመሠረታቸው የሚነቀሉ መሆናቸውንም ጠይቁ። ያልተነቀለ ቤዝ ላይ የተንሸራተተ እግር ቁርጭምጭሚቱ ይሄዳል። ሊትል ሊግ ከ2008 ጀምሮ ተነቃዩን አስገድዷል።

የአንገት ሐብልና ቀለበት ቤት ይቅሩ። ማተብ የሚያደርግ ልጅ ክሩን ከማልያው ሥር ያስገባው። የብረት መስቀል ካለበት ግን ለጨዋታው ሰዓት መስቀሉን አውጥቶ ክሩን ማስቀረት ይሻላል፤ ደረት ላይ ኳስ ቢያርፍ ብረቱ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ደንቡ በየሊጉ ስለሚለያይ ለኮቹ ቀድማችሁ ንገሩት። አብዛኛው ኮች በቀና ከነገሩት ይረዳል።

8. ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ሳለ

እኔን የሚያሳስበኝ ጨዋታው አይደለም። በጨዋታ ላይ ዳኛ አለ፣ ያለ ሄልሜት የገባውን ይመልሰዋል። አደጋው የሚመጣው ዳኛው በሌለበት ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ባት ይዞ የሚወዛወዝ ልጅ፣ ውሃ ሊጠጣ ከኋላው የሚያልፍ ጓደኛው፣ ባቲንግ ኬጅ (መምታት የሚለማመዱበት በመረብ የታጠረ ቦታ) በር ላይ የተጠጋ ታናሽ ወንድም፣ ጓሮ ውስጥ ያለ ሄልሜት የሚወረወር ጠንካራ ኳስ።

በ2007 አርካንሳስ ውስጥ የቱልሳው ኮች ማይክ ኩልቦ በመጀመሪያው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሳለ በተመታች ኳስ ሞተ። እሱ ተጫዋች አልነበረም፣ ባትም አልያዘም። በቀጣዩ ዓመት ሜጀር ሊግ የቤዝ ኮቾችን ሄልሜት አስገደደ። ከዚህ ለቤታችን የምትወጣው ሕግ ቀላል ናት፦ ኳስ ወይም ባት ከመንቀሳቀሱ በፊት ሄልሜት ጭንቅላት ላይ ይኑር። ባተሩ፣ ሯጩ፣ ቤዝ ላይ ኮች ሆኖ የሚቆመው ልጅ፣ ሁሉም።

በሊትል ሊግ እስከ 12 ዓመት ባሉት ዲቪዥኖች ተራ እየጠበቁ ከዳጋውት ውጭ ባት ማወዛወዝ ጭራሽ አይፈቀድም። ልምምድ ላይ ግን ሲጣስ ታያላችሁ። ስታዩ ተናገሩ። "የሰው ልጅ ነው፣ ምን አገባኝ" አይባልም።

እናንተም ብትሆኑ ስልካችሁን እያያችሁ ከአጥሩ ክፍት ቦታ ላይ አትቁሙ። ሕፃን በጋሪ የያዘ ሰው መረብ ካለበት ጀርባ ይቀመጥ።

9. ምንም ዕቃ የማይሸፍናቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛው ክንድ ነው። በብዛት በመወርወር የሚጎዳ ክርንና ትከሻ መከላከያ ልብስ የለውም። መከላከያው ቁጥር ነው። በሊትል ሊግ የቀን ጣሪያው ለ7 እና ለ8 ዓመት 50 ውርወራ፣ ለ9 እና ለ10 ዓመት 75፣ ለ11 እና ለ12 ዓመት 85 ነው። 66 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ 4 ቀን ያርፋል። ልጃችሁ በሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ አንዱ ኮች የሌላውን ቁጥር አያውቅም። መቁጠር የእናንተ ድርሻ ነው። "ክንዴን አመመኝ" ካለ ያን ቀን አይወርውር።

ሁለተኛው አንጎል ነው። ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ይረዳል፤ በምቱ አንጎል ውስጥ የሚፈጠረውን መናወጥ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ከተመታ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዥታ፣ ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ ድብታ ካያችሁ ጨዋታው ለእሱ በዚያ ቀን አብቅቷል። ሐኪም ሳያየው አይመለስም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ለማንቃት ካስቸገረ ናይን ዋን ዋን ነው። ቡድኑ ፍጻሜ ላይ ቢሆን እንኳ።

10. አያያዝ፣ ውርስና አሮጌ ዕቃ

ከጨዋታ በኋላ ቦርሳው ይከፈት። ላብ የጠጣ ዕቃ ተዘግቶ ሲያድር ይሸታል፣ ቆዳም ያሳክካል። ሄልሜቱን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጽዱት፤ ጠንካራ ኬሚካል አትጠቀሙ። በበጋ የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሙቀቱ የውስጡን ስፖንጅ ያበላሸዋል። ሄልሜት ላይ መቀመጥ፣ ንዴትን በሄልሜት መወጣት፣ አጥር ላይ መወርወር በእናንተ ቤት ክልክል ይሁን።

በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ስጡት። ቅርፊቱ ተሰንጥቋል? ስፖንጁ ተልጧል ወይስ ደርቋል? ብሎን ላልቷል? ምልክቱ አሁንም ይነበባል? ካፑ ላይ ስንጥቅ አለ? ልጁስ ያለፈው ዓመት ልኩ ነው?

ከታላቅ ወደ ታናሽ ማውረስ የእኛ ባህል ነው፣ ጥሩም ነው። ግላቭ፣ ጫማና የቅልጥም መከላከያ ይወረሱ። ያገለገለ ሄልሜት ግን ታሪኩን የምታውቁት ከሆነ ብቻ ተቀበሉ። ማውዝጋርድ አይወረስም። ካፕም ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይገዛ።

የተሰነጠቀ ሄልሜት በማጣበቂያ አይጠገንም። ስትጥሉትም እንዳለ ቆሻሻ መጣያው አናት ላይ አታስቀምጡት፤ አንድ ሰው ደህና መስሎት ለልጁ ሊያነሳው ይችላል። ማሰሪያውን ቁረጡ፣ ስፖንጁን ገንጥሉ፣ በማርከር ትልቅ ኤክስ ጻፉበት፣ ከዚያ ጣሉት።